ኮራል ለማየት ከደሴ ስትወርዱ፦ ዝግጅቱ ከሳፋ ይጀምራል

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ መንገድ ዳር ቆም በሉና መኪኖቹን እዩ። ተሳቢ የጎተቱ ከባድ መኪኖች ተከታትለው ወደ ባቲ ይታጠፋሉ። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ጅቡቲ። እኛ ደሴ ላይ ጋቢ ደርበን ስለ ባሕር ስናስብ የሌላ ዓለም ነገር ይመስለናል። ለሾፌሮቻችን ግን ባሕሩ የሥራ ቦታ ነው። ሄደው ይመለሳሉ።

ከዚያው ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ሙሻ እና መስካሊ የሚባሉ ሁለት ዝቅ ያሉ ደሴቶች አሉ። ዙሪያቸውን ኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራሎች የገነቡት የውሃ ውስጥ ግንብ፣ ከቧቸዋል። ሙሻ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ፣ የመስካሊ ደቡባዊ ክፍል ደግሞ ከ1980 ጀምሮ ጥበቃ የሚደረግላቸው ቦታዎች ናቸው። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ይህን የምጽፈው በውሃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ታች ያለውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው። ስኖርክሊንግ ይሉታል። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ የራሱ ሥልጠና ያለው ሌላ ሙያ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሳልዘጋጅ ነበር። ላይፍ ጃኬት ለበስኩ፣ ጀልባው ላይ መነጽሩን አጠለቅኩ፣ ገባሁ። ሁለት ደቂቃ ሳልቆይ በቱቦው ውሃ ገባ። ሳልኩ። ደነገጥኩ። እግሬ የሚረግጠው ነገር ፈለገ፣ አገኘም። ከሥሬ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው። ጎንበስ ብዬ ሳይ የትንሽ ጣቴን ያህል ቅርንጫፍ ተሰብሮ አሸዋው ላይ ወድቋል። ስብራቱ ነጭ ነው፣ አጥንት ይመስላል።

ቅርንጫፍ የሚያወጡት የኮራል ዓይነቶች ፈጠኑ ቢባል በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያድጋሉ። እንደ ቋጥኝ ድቡልቡል የሆኑት ግን በዓመት 1 ሴንቲ ሜትርም ላይሞሉ ይችላሉ። ቤት የሚያህል ኮራል ካያችሁ አያቶቻችሁ ሳይወለዱ እዚያ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ ኮራሉን የሚሰብረው ክፉ ሰው አይደለም፣ የደነገጠ ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ስለ ባሕሩ ሳይሆን ከቤት ሳትወጡ ስለምትሠሩት ነገር ነው።

ኮራሉ ራሱ ምንድን ነው?

ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ደቃቅ እንስሳት በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ይሰባሰቡና ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰዱ የኖራ ቤታቸውን ይገነባሉ። በሰውነታቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፣ ለፖሊፑም ያካፍለዋል። አብዛኛው ቀለሙም የሚመጣው ከእሱ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ጉርብትናው ይፈርሳል፤ አልጌው ይወጣና ኮራሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ወዲያው አይሞትም። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ግን በረሃብ ያልቃል። እንዲህ ነጭ የሆነ ካያችሁ የታመመ መሆኑን እወቁና ከሌላው የበለጠ ራቁት።

ኮራል ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል ውስጥ 1 በመቶውን እንኳ አይሸፍኑም። ከባሕር ፍጥረታት ዓይነት ግን ሩብ ያህሉ በዕድሜው የሆነ ጊዜ ይጠጋባቸዋል። አንዲት ቅርንጫፍ ተሰበረች ስል እንዲህ የማዝነው ለዚህ ነው። የሆነ ፍጥረት ቤት ናት።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ

ከሁሉ በፊት መንሳፈፍ ተማሩ። ዋና ማለቴ አይደለም፤ በደረት ተኝቶ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ከቶ፣ ሳይንፈራገጡ መቆየት። ላይፍ ጃኬት ቢኖርም ይህን የማይችል ሰው ገና ጀማሪ ነው። ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጋችሁ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ተለማመዱ። ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ አየሩ ሞቅ ስለሚል ለዚህ ይመቻል። ሐይቅ ቅርባችን ነው ብላችሁ ግን ብቻችሁን እዚያ አትለማመዱ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ያ ውብ ውሃ መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ለመጀመሪያ ትምህርት አይሆንም።

ሁለተኛው ሥራ የሳፋው ሥራ ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል፣ እኔ ግን ከምንም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ሙሉ። ደሴ ከሆናችሁ ለብ ያለ ይሁን። መነጽሩን አድርጉ፣ ቱቦውን ንከሱ፣ ፊታችሁን ክተቱና በአፋችሁ ብቻ ተንፍሱ። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ያስጨንቃል። አእምሮ «ውሃ ውስጥ ነህ፣ አትተንፍስ» ይላል። አብሽሩ፣ ያልፋል። አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ መተንፈስ እስክትችሉ በየማታው ደጋግሙት። በረጅሙ ሳቡ፣ በረጅሙ አስወጡ።

ከዚያ ሆን ብላችሁ ቱቦው ውስጥ ውሃ አስገቡና አስወጡት። አተነፋፈሱ ከሰል እንደምታቀጣጥሉበት እፍታ አይደለም። ያ ረጅምና ለስላሳ ነው። ይኼ አጭርና ኃይለኛ ነው፤ አንዴ ብቻ፣ ፕፍ! ውሃው በቱቦው አናት ዘሎ ይወጣል። ቀጥሎ የምትስቡት አየር ትንሽ ይሁን፣ የቀረ ጠብታ ሊኖር ይችላል። እኔ ያን ቀን ይህችን አንዲት ነገር ባውቅ ኖሮ ቅርንጫፏ አትሰበርም ነበር።

መነጽሩን ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስመጡ፤ ካልሆነም እዚያው ይከራያል። የራስ መነጽር ግን ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ፊታችን አይመሳሰልም። ሲገዛም ሲከራይም መፈተኛው አንድ ነው። ማሰሪያውን ወደ ኋላ ገልብጡና መነጽሩን ፊታችሁ ላይ ብቻ አስደግፉ። በአፍንጫችሁ አየር ሳቡና እጃችሁን ልቀቁ። ተጣብቆ ከቀረ የእናንተ ነው። ከወደቀ ሌላ ሞክሩ። ማሰሪያውን ማጥበቅ የማይገጥመውን መነጽር አያስገጥመውም፣ ራስ ምታት ብቻ ነው የሚያተርፈው። ፂም ያላችሁ ከከንፈራችሁ በላይ ቫዝሊን ቀባ አድርጉ። ሒጃብ የምትለብሱ እህቶች ደግሞ የመነጽሩ ጎማ ሙሉ በሙሉ ቆዳ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። አንዲት ጫፍ ጨርቅ ከሥሩ ከገባች ውሃው በእሷ በኩል ይገባል።

አዲስ መነጽር መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የመጣ ስስ ሽፋን ስላለው በጉም ይሸፈናል። በጥርስ ሳሙና ውስጡን በጣት እሹትና አጥቡት። ባሕሩ ላይ ደግሞ ከመግባታችሁ በፊት ምራቅ ቀብታችሁ አለቅልቁት። የሕፃናት ሻምፑ ጠብታም ያው ሥራ ይሠራል።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። እጅጌው ረጅም፣ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ቲሸርትና ረጅም ታይት ያዙ። ጅቡቲ የሙስሊም አገር ናት፣ ለአገሩ ወግም ይስማማል፣ ፀሐይንም ይከላከላል። ስኖርክል የሚያደርግ ሰው ጀርባው ለፀሐይ እንደተሰጣ በርበሬ ነው። ውሃው ስለሚያቀዘቅዘው አይታወቀውም፣ ማታ ግን መተኛት ያቅተዋል። ልብስ በሸፈነው ቁጥር ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ይቀንሳል፤ ዋናው ጥቅሙም ይኼ ነው። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉበት ሰንስክሪን ለኮራል ጎጂ ነው በሚል ሐዋይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለፊትና ለእጅ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይሻላል።

መቼና በየት?

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። አየሩ ይቻላል፣ ባሕሩም ለብ ያለ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ከደሴ ብርድ ተነስቶ እዚያ መግባት ለሰውነት ቅጣት ነው።

ሳምንቱንም አስቡ። የጅቡቲ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው። የከተማው ሰው ወደ ደሴቶቹ የሚጎርፈው ያኔ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብትሄዱ ውሃውም ጸጥ ይላል፣ ዓሣውም አይረበሽም።

ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። ቪዛው በኢንተርኔት ይጠየቃል፤ ከመንገድ በፊት ጨርሱት፣ ወረቀቱንም አትሙት። ገንዘቡ የጅቡቲ ፍራንክ ነው፣ ከዶላር ጋር የተቆራኘ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን። ስለ ወባ ጤና ጣቢያ ጠይቁ፣ ምክንያቱም በአፋርም በጅቡቲም አለ። አጎበር ቢያዝ አይከብድም።

የመኪናው መንገድ ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ይወርዳል፣ ከዚያ በሎጊያና ሰመራ አድርጎ ጋላፊ ጠረፍ ይደርሳል። በሕዝብ ትራንስፖርት እየተቆራረጠ ነው የሚኬደው፤ ሎጊያ ወይም ሰመራ ማደር ግድ ነው ብላችሁ ተነሱ። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት የተመላለሰ ሾፌር ፈልጋችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ከሱ የተሻለ መረጃ የለም። መንገዱ ካላስተማመናችሁ አትሂዱ፣ ኮራሉ የትም አይሄድም። ሌላው አማራጭ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በአዲስ አበባ በኩል መብረር ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡርም አለ።

በመኪና ከሄዳችሁና ቀኑ ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ ቆማለች። ወርዳችሁ እዩአት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ድሮ አንቀልባ ላይ በረድፍ ይሰፋ የነበረው ዛጎል የባሕር ፍጥረት ቤት ነው። አያቴ ቤት የነበረው አንቀልባ ጫፉ በዛጎል ዙሪያውን የተከበበ ነበር፤ ልጅ ሆኜ በጣቴ እየቆጠርኩ እተኛ ነበር። እና ሪፉ ላይ ዛጎል ሲያይ የኛ ሰው እጁ ይሄዳል፣ ያውቀዋልና። ጥበቃ ባለበት ቦታ ግን አንዲትም አይነሳም። ባዶውን ዛጎል ባለቤት አልባ አድርጋችሁ አትዩት፤ ነገ ሸርጣን ይከራየዋል።

ስትደርሱ የመጀመሪያውን ቀን አትዋኙ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ እናንተ ደግሞ ዜሮ ላይ ወርዳችኋል። ትንፋሹ ይቀላል፣ ሙቀቱና ወበቁ ግን ያደክማል። ውሃ ጠጡ፣ ኦአርኤስ በጥብጡ፣ ተኙ።

ጀልባ ስትመርጡ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም፣ በዚህ በኩል አትጨነቁ። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ግን እነዚህን ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ላይፍ ጃኬት አለ? ከውሃው ውጭ ሆኖ የሚያየን ሰው ጀልባው ላይ ይቀራል? መልህቁን የት ነው የምትጥሉት?

ሦስተኛው ጥያቄ ወሳኝ ነው። መልህቅ ኮራል ላይ ከወደቀ መቶ ጀማሪ ከሚያደርሰው በላይ ይጎዳል፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ጀልባው በተወዛወዘ ቁጥር ዙሪያውን ያጭዳል። ትክክለኛው መልስ «ቋሚ ማሰሪያ ላይ እናስራለን» ወይም «አሸዋ ላይ እንጥላለን» ነው። «የትም» የሚል መልስ ከሰማችሁ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሰዓቱንም አጣሩ። «ሁለት ሰዓት» ሲሏችሁ በእኛ ነው በፈረንጅ? ጠዋት መውጣት ይሻላል፣ ውሃው የሚረጋው ያኔ ነው። የባሕሩ ሙላትና ጉድለትም ይጠየቅ። ውሃው በጣም ሲጎድል ከሪፉ በላይ የሚቀረው ጥልቀት ትንሽ ስለሚሆን ሆዳችሁ ኮራሉን ይነካል። የባሕር ጉዞ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፣ ዝንጅብልም ያዙ። ዓይናችሁን አድማሱ ላይ አድርጉ።

ውሃው ውስጥ

የእግር መቅዘፊያውን ጀልባው ላይ ወይም አሸዋ ላይ ሆናችሁ አጥልቁ እንጂ ኮራል ላይ ቆማችሁ አይደለም። ግቡ፣ ጀልባው አጠገብ ሆናችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ እንደ ሳፋው ተንፍሱ። ልባችሁ ሲረጋ ተነሱ። ከአንድ ጓደኛ ጋር ሁኑ፣ በየጊዜው ቀና እያላችሁ እርስ በርስ ተያዩ፣ ጀልባውንም እዩ። ሲሄዱ የውሃውን ግፊት ተቃውሞ መሄድ፣ ሲደክሙ ከግፊቱ ጋር መመለስ ነው። ግፊቱ ገና ከጅምሩ የሚያሸንፋችሁ ከሆነ ያን ቀን አትግቡ።

እግራችሁን ከዳሌ ቀስ አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ። ቀጥ ብላችሁ እንደ ብስክሌት ከነዳችሁ መቅዘፊያው ወደ ታች ይሰነዘራል። ኮራሉ ሲቀርብ እጆቻችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ። ውሃ ከገባባችሁ ወይም ከደከማችሁ ወደ ጀርባ ተገልብጣችሁ ተንሳፈፉ። መቆም የለም። ይህን ከአፋችሁ እስኪወጣ ለራሳችሁ ደጋግሙት፤ ስደነግጥ እገለበጣለሁ እንጂ አልቆምም።

ከዚያ ዝም በሉና ስሙ። ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ባሕሩ ድምፅ አለው። ሪፉ ላይ ምጣድ ላይ ገብስ ሲቆላ እንደሚሰማው ጣ ጣ ጣ ይላል። ጥቃቅን ሽሪምፖች ናቸው፣ ጥፍራቸውን እያስፈነጠሩ። በዚያ ላይ አልፎ አልፎ ቆሎ የመቆርጠም ድምፅ ይጨመርበታል። እሱ ፓሮት ፊሽ ነው፣ በጠንካራ አፉ ኮራሉ ላይ ያለውን አልጌ ሲፍቅ። ከኖራው ጋር ይውጠዋል፣ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ከኋላው እንደ ነጭ ዱቄት ሲበተን ታያላችሁ። የተኛችሁበት የባሕር ዳርቻ አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ወፍጮ ውጤት ነው።

ብዙ ቦታ ከመዞር አንድ ቦታ መቆየት ይሻላል። እኔ አንዴ ከአንዲት አኔሞኒ በላይ ሩብ ሰዓት ቆየሁ። ጣቶቿ የሚወዛወዙ፣ የምትናደፍ እንስሳ ናት። በመሃሏ ሁለት ነጭ መስመር ያላቸው ብርቱካናማ ክላውን ፊሾች ይኖራሉ፣ እነሱን አትነድፍም። ትልቋ መጀመሪያ ተደበቀች። ሳልንቀሳቀስ ስቀር ወጣች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ ተመለሰች። ሦስተኛ ጊዜ ስትወጣ ፈርታኝ አልነበረም፤ ልታባርረኝ ነበር። የቡና ስኒ የምታህል ዓሣ ናት። ቤቷ ነውና ወደ ኋላ አልኩላት።

ኤሊ ካያችሁ በጎኗ ሁኑ እንጂ ከፊቷ ወይም ከላይዋ አትሁኑ። ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት አለባት፤ መንገዷን ከዘጋችሁ ታንቋታላችሁ። ዓሣ አትመግቡ። ዳቦ ቆሎ ይዘን ስንሄድ ለዓሣ መበተን ያምረናል፣ ደግነት ይመስለናል። የለመደ ዓሣ ግን አልጌ መፋቁን ይተዋል፣ አልጌው ደግሞ ኮራሉን ይሸፍነዋል።

የሚያሰጉ ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ሁሉም የሚጎዱት ሲነኩ ነው። ስቶን ፊሽ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፣ ጀርባው ላይ መርዘኛ እሾህ አለው። ላየን ፊሽ ያማረ ላባ የለበሰ ይመስላል፣ ላባው መርዘኛ ነው። ጥቁር ረጃጅም እሾህ ያለው የባሕር ጃርት፣ ሲነካ የሚያቃጥል ፋየር ኮራል፣ ጥለት ያለው ሾጣጣ ዛጎል ውስጥ የሚኖር መርዘኛ ቀንድ አውጣ። የማይነካና የማይረግጥ ሰው ከነዚህ ሁሉ ጋር በሰላም ይኖራል። ዓሣ ከወጋችሁ የተጎዳውን ቦታ ሳያቃጥል በሚቻለው መጠን፣ 45 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ነክራችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ። ኮራል ከቧጨራችሁ ትንሽ ናት ብላችሁ አትተዉ፤ በንጹሕ ውሃና ሳሙና በደንብ እጠቡ፣ በቀላሉ ታመረቅዛለች።

ዌል ሻርክ ለማየት ከሆነ

ከኅዳር እስከ ጥር በዚያው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ የባሕር ዳርቻ በኩል ዌል ሻርክ ይመጣል። ስሙ ቢያሳስትም ዓሣ ነባሪ አይደለም፣ በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው። እዚህ የሚመጡት በአብዛኛው ወጣቶቹ ናቸው፣ ያም ሆኖ ከሚኒባስ ላያንሱ ይችላሉ። የሚበሉት ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው፤ አፉን ከፍቶ ሲመጣ ወደ እናንተ የመጣ ቢመስልም ምግቡን እያጠለለ ነው። ጀርባው ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች እንደ ጣት አሻራ ናቸው፣ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በእነሱ ፎቶ ነው።

ከአካሉ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ራቁ። ከፊቱ አትግቡ፣ አትንኩት፣ ፍላሽ አታብሩ። ዋናተኛው ብዙ ከሆነ ተራ ጠብቁ። ጀልባው ሞተሩን እንደጮኸ ከላዩ የሚዞር ከሆነ ሾፌሩን ቀስ እንዲል ጠይቁት። ደንበኛ ሲጠይቅ ይሰማሉ፣ ዝም ስንል ነው የሚብሰው።

ከሰዓት በኋላ ሲደክማችሁ ደግሞ ሙሻ ላይ ወዳለው ማንግሮቭ ዘወር በሉ። ሥሩ ጨው ውሃ ውስጥ የቆመ ዛፍ ነው፣ የዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉት እዚያ ነው። ውሃው ሲጎድል ረጅም እግር ያላቸው ወፎች ጭቃው ላይ ሲለቅሙ ታያላችሁ። ከላይ ደግሞ ዓሣ አዳኙ ኦስፕሬይ ይዞራል። ጎጆ ካያችሁ አትጠጉ፤ እናት ወፏ ከተነሳች እንቁላሉ በዚያ ፀሐይ ይቀቀላል።

ስትመለሱ

ከመካከላችሁ የአየር ሲሊንደር ይዞ የጠለቀ ካለ ይህን ሳያነብ አይሳፈር። ጠልቆ በወጣ ሰው ደም ውስጥ ናይትሮጅን ይቀራል፣ ሽቅብ ሲወጣ አረፋ ይሠራል፣ አደገኛ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ሊሆን ይችላል። ደሴ ከዚያ አትተናነስም። ስለዚህ በመኪና ሐረጎን መውጣት ለጠላቂ ሰው ከመብረር እኩል ነው። ቢያንስ 24 ሰዓት ታች ቆዩ። ውሃው ላይ ብቻ የተንሳፈፈ ሰው ይህ አይመለከተውም፣ በማግስቱ ሊነሳ ይችላል።

ቤት ስትደርሱ ያችኑ ሳፋ አውጡ። መነጽሩን፣ ቱቦውንና መቅዘፊያውን በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ፤ ጨው ከተዋችሁት ጎማውን ያደርቀዋል። በጥላ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አይደለም። ደሴ ላይ ይህ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል፣ አትቸኩሉ። እርጥብ እያለ ሳጥን ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ሲደርቅ መነጽሩን በላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ማንም የማይቀመጥበት ቦታ አስቀምጡት።